ከጅንባር አናት በላይ

ፏፏቴን የምናውቀው ፊት ለፊቱ ቆመን ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው የአላታን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል፤ ዳገቱን ይወጣል፤ ከማዶ ሆኖ ያያል፤ ካፊያው ፊቱን ያረጥበዋል፤ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። የጢስ ዓባይ ክብሩ ስፋቱ ነው። ቁመቱ ከ45 ሜትር አይበልጥም፤ ውሃው ሲሞላ ግን ጎኑ እስከ 400 ሜትር ይዘረጋል። በሰሜን ተራሮች ያለው ጅንባር ተገላቢጦሹ ነው። ስፋቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቁመቱ ግን ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። ጢስ ዓባይን ከአሥር ጊዜ በላይ ቢደራርቡት ነው የሚደርስበት።

ወደ ጅንባር ግርጌ የሚወስድ የተለመደ የጎብኚ መንገድ የለም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ከጎን ካለው የገደል አፍንጫ ላይ ሆኖ ማየት፣ ወይም በሸለቆው ዞሮ ወደ አናቱ መሄድ። ከመኪና ወርዶ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ጎብኚ የመጀመሪያውን አይቶ ይመለሳል። እኔ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። የዚህ ፏፏቴ ነገር የሚወሰነው ከአናቱ በላይ ባለው ሣር መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነውና።

መነሻው ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከተማው ውስጥ ነው። ተመዝግቦ፣ መግቢያ ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አስከትሎ መግባት ግድ ነው፤ ጠባቂውን አገሬው «ስካውት» ይለዋል። ብዙው መንገደኛ አስጎብኚም ይይዛል፣ ጓዝ ያለው ደግሞ ባለበቅሎ ይጨምራል። እኛ የሄድነው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር፤ የሰሜኑ ጦርነት ገና ሳይመጣ። ክረምቱ መውጣቱ ስለነበር የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ነው፣ የመንገዱ ዳር ቢጫ ነው፣ ከየጉድባው ውሃ ይፈስሳል።

ሳንቃበር ላይ አደርን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ስለሆነ ሌሊቱ የሚቀለድበት አይደለም፤ ጋቢ በቡልኮ ላይ ደርቦም ይበርዳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ የሚገባው ኦክስጅን በሦስተኛ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ኑሮው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቶሎ ይለምደዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ያለው ግን አይቸኩል፤ ጎንደርና ደባርቅ ላይ አሳድሮ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ከዚያ ያውጣው። ራስ ምታቱ በጉልበት የሚሸነፍ አይደለም።

ስካውታችን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው እሳት አያይዘው አገኘናቸው። በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ ቆሎ በኪሳችን ያዝን፣ ተነሣን። ገና ከሰፈሩ ሳንርቅ እኔ መፍጠን ስጀምር «ቀስ በል ልጄ፤ ገደሉ የትም አይሄድብህም» አሉኝ። እሳቸው ሲራመዱ ከጠዋት እስከ ማታ ያው ነው፤ ዳገቱም ሜዳውም አይለውጣቸውም።

መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ በአስታ ጫካ ውስጥ ያልፋል። አስታ በሌላው ደጋ የምናውቀው ቁጥቋጦ ሆኖ ነው፤ ቆራጭና እሳት ካልደረሰበት ግን ግንድ አውጥቶ ዛፍ ይሆናል። ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ ግራጫ ነገር አለ፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ላይክን ይሉታል። ጠዋት ከቆላው የሚነሣው ጉም ገደሉን ታክኮ ይወጣና በዚህ ጫካ ሲያልፍ እርጥበቱን ለቅርንጫፉና ለጢሙ እየተወ ይሄዳል። በዚያ ጠዋት ዝናብ አልዘነበም፤ ከዛፎቹ ሥር ግን ጠብ ጠብ ይላል፣ መሬቱ ረጥቧል። ከጫካው ውጪ ያለው መንገድ ደረቅ ነበር። ወንዝ ከምንጭ ብቻ የሚነሣ የሚመስለው ሰው ይህን ጠብታ ቆሞ ቢያዳምጥ እወዳለሁ።

ጫካው ሲሳሳ ጭላዳዎች ተገኙ። ሌሊቱን ሰውና ነብር በማይደርስበት የገደል ገጽ ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሣሩ ይወጣሉ። ተቀምጠው በጣታቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ከሚበሉት አብዛኛው ሣር ነው። ከዝንጀሮ ወገን በዚህ ደረጃ ሣር በልቶ የሚያድር ሌላ የለም። በመካከላቸው አለፍን፤ ቀና ብለው አይተውን ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አንዲት ጠባብ የአለት አፍንጫ ወደ ገደሉ ትገባለች። በሁለቱም ጎኗ ባዶ ነው። አስጎብኚያችን፣ የደባርቅ ልጅ ነው፣ «በአንድ መስመር፣ ፎቶ የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ይቁም» አለን። ጫፉ ጋ ስንደርስ ጅንባር ከማዶ ታየ።

ውሃው ከላይ ባለው የገደል አፋፍ በአንድ ቦታ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ነጭና ሙሉ ነው። ትንሽ እንደወረደ ይሰነጣጠቃል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ውሃ መሆኑን ትቶ ጉም ይሆናል፤ ነፋሱ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ደግሞ ይመልሰዋል። ድምፁም እንደ ነፋሱ ይመጣል ይሄዳል። ግርጌውን ለማየት ብዙ ጠበቅን፤ ጉሙ አልገለጠልንም።

ይህ መበተን ሕግ አለው። አየር ባይኖር ኖሮ ከ500 ሜትር ላይ የወደቀ ውሃ በ10 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርስ ነበር፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። አየሩ ግን ይገታዋል። ውሃው ሲፈጥን አየሩ ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀው ጠብታ ይሆናል፤ ትልቁ የዝናብ ጠብታ እንኳ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ አይፈጥንም። ስለዚህ ረጅም ፏፏቴ ውሃው ብዙ ካልሆነ በቀር መሬቱን አይቀጠቅጥም፤ ያርሰዋል እንጂ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል በዚሁ ተቸግሯል። ሲወድቅ የነበረ ውሃ ጉልበቱ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት ብሎ ያምን ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1847 በአልፕስ ተራሮች ለጫጉላ ጉዞ በሄደበት ጊዜ፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን ከተባለው ከዊሊያም ቶምሰን ጋር ሆኖ የአንድ ፏፏቴን ሙቀት ከላይና ከታች በቴርሞሜትር ሊለካ አስቦ ነበር። አልሆነም፤ ውሃው ወደ ካፊያ ተበተነበት። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። የጅንባር ውሃ የመውደቅ ጉልበቱ በሙሉ ለራሱ ሙቀት ቢሆንለት ግርጌው ላይ ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት በልጦ ይሞቅ ነበር።

ከዚያች አፍንጫ ላይ የተራራው አሠራር እንደ ተከፈተ ግድግዳ ይነበባል። በማዶው ገደል ላይ አግድም የተሰመሩ ንብርብሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ንብርብር በአንድ ወቅት የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተከመሩ ናቸው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው። ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በመሐሉ ያለው ልፍስፍሱ ይሸረሸራል፤ ከላይ ያለው ድጋፍ ሲያጣ ይናዳል። ገደሉ የተቆረጠው በአብዛኛው ከታች ነው፦ ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች ቆላውን እየቆፈሩ፣ ተራራውን ከእግሩ እየበሉ ወደ ኋላ ገፉት። ጅንባር ከላይ በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ ይሄድ የነበረ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ገደሉ ነው ወደ እሱ የመጣው። ዛሬም ከፏፏቴው ግርጌ በቆላው አድርጎ ወደ ተከዜ፣ ከዚያም በሱዳን ወደ አትባራ፣ በመጨረሻም ወደ ዓባይ ይደርሳል።

ከአፍንጫዋ ተመልሰን ወደ ሸለቆው ወረድን። ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል፤ በበቅሎ ኮቴ የተቦረቦረ ጭቃ ነው፣ በድንጋይ የተሞላ ነው። ቀጋና አሜጃ በግራ በቀኝ፣ ሲረገጥ የሚሸት ጦስኝ ከእግር ሥር። ታች ስንደርስ ወንዙን አገኘነው፤ ስናየው ሁላችንም ዝም አልን። ያ ከማዶ ያስደነገጠን ፏፏቴ ይህ ነው? ውሃው ጉልበት አይደርስም። በድንጋይ ላይ እየረገጥን ተሻገርነው። አንድ እረኛ ልጅ ከእኛ ቀድሞ ሁለት በጎች እየነዳ አልፎበታል፤ እግሩን እንኳ አላረጠበም።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመውና ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን በገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ሰሜንን በወጋ ጊዜ በረዶው ሰው እስከ ጉልበቱ ያሰጥም እንደነበር ተጽፏል። እጄን ከውሃው ውስጥ ሳወጣ ንጉሡን አመንኩት።

ከመሻገሪያው ጀምሮ ወንዙን ተከትለን ወደ አፋፉ ሄድን። በዚህ በኩል መሄድ ያለ አስጎብኚ የማይታሰብ ነው፤ ከአስጎብኚ ጋርም ቢሆን ሁሉም ጎብኚ አይወሰድም፣ ድንጋዩ ሲረጥብም ጭራሽ አይሞከርም። የእኛው ከአፋፉ ራቅ ያለ ሰፊ አለት ላይ አደረሰንና «ከዚህ ወዲያ የለም» አለ። ሊከራከር የሞከረ ሰው ነበረ። ስካውቱ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደ አጥር አግድም ያዙና «አይሆንም ጌታዬ» አሉት፤ ነገሩ በዚያ አበቃ።

የፏፏቴ አናት ከተራራ አናት የተለየ ነገር ነው። ተራራ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው ከሱ በላይ ምንም የለም። እዚህ ግን ከኋላህ ወንዝ እየመጣ ነው፤ በአጠገብህ ያልፋል፤ ከፊትህ መሬቱ ያልቃል፣ ወንዙ ግን አያቆምም። የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ውሃው አይጮኽም። ለስልሶ፣ ጥቁር ሆኖ፣ በተወለወለ አለት ላይ ይሄዳል። ከዚያ የለም። ከታች ወደ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከአፋፉ የተበተነውን ጠብታ መልሶ ሽቅብ ያመጣዋል፤ በጠራ ሰማይ ሥር ከታች የሚዘንብ ዝናብ መታን። አጥንት ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ ከላይ ሆነን አየነው፤ ጀርባውና ሁለቱ ክንፎቹ በእግራችን ሥር በባዶው ላይ ተንሳፈፉ።

የአስጎብኚው ጥንቃቄ ልማድ ብቻ አይደለም። በወንዝ ውስጥ ያለ ባዛልት ላዩ በስስ አረንጓዴ አልጌ ይሸፈናል፤ ጫማ አይይዘውም። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ደመና ከጣለ ውሃው ፀሐይ ባለበት ቦታ ሳይታሰብ ይሞላል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ፍጥነት ካለው ሰው ይጥላል፤ ከፏፏቴ በላይ የወደቀ ሰው ደግሞ የሚይዘው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በካሊፎርኒያ የዮሰሚቲ ፓርክ ከቨርናል ፏፏቴ አናት ላይ የብረት አጥሩን አልፈው ውሃው ውስጥ የገቡ ሦስት ወጣት ተጓዦች አብረው ተወስደው ሞተዋል። ቨርናል 97 ሜትር ነው፤ የጅንባር አምስተኛ አይሞላም። ጅንባር ላይ አጥርም የለም፤ አጥሩ አስጎብኚውና ስካውቱ ናቸው።

ምሳችንን በአለቱ ላይ በላን፤ ፊታችንን ግን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደመጣበት አዙረን። አሳባችንን ያዞሩት ስካውቱ ናቸው። «ሁሉ ሰው ውሃው የሚወድቅበትን ያያል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ነገሩ ያለው እዚያ ነው» ብለው በአገጫቸው የግጭን አምባ አሳዩን።

ግጭ ከ3,600 ሜትር ላይ የተዘረጋ የሣር አገር ነው። በሩቁ ሲታይ ባዶ ሜዳ ይመስላል። ቀርቦ ሲያዩት መሬቱ በጓሳ ተሸፍኗል፤ ከጓሳው በላይ ጅባራው በየቦታው ቆሟል፤ ዝቅ ባለው ቦታ ረግረግ አለ። እዚህ ከፍታ ላይ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። ጥያቄው ዝናቡ ከወረደ በኋላ ምን ይሆናል ነው። ጓሳው ጥቅጥቅ ብሎ ከቆመ ጠብታው ሣሩን እንጂ አፈሩን አይመታም፤ ቀስ ብሎ ወደ ሥሩ ይሰርጋል፤ ጥቁሩ አፈር ይጠጣዋል፤ በጥቅምትና በኅዳር በየምንጩ ይመልሰዋል። ሣሩ ተግጦ፣ መሬቱ ታርሶ፣ በኮቴ ተረግጦ ከጠጠረ ግን ዝናቡ በወረደበት ቀን ይሮጣል። በነሐሴ ፏፏቴው ያገሳል፤ ጥር ሲገባ አለቱ ላይ የእርጥበት መስመር ይቀራል። አብሮም አፈሩ ይሄዳል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ ፓርክ በሥራ የቆየው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ የገመተ ሰው ነው። ያ አፈር በእንደ ጅንባር ያለ ወንዝ አፋፉን አልፎ ይወድቃል፤ ተመልሶም አይወጣም።

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም በዚያው ዓመት ነው የገባው። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ተቆጠረ። ዋልያ፣ በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው እንስሳ፣ እየቀነሰ ነበር፤ እርሻና ግጦሽ ፓርኩ ውስጥ ሰፍቶ ነበር። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ከአንድ ዓመት በፊት የግጭ ሰፈር ሰዎች ተነሥተው ደባርቅ አጠገብ መስፈራቸው ነበር።

ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎ መሄድ ለእኔ አይቻለኝም። ግጭ አሮጌ ሰፈር ነበር፤ ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፤ ክብ ጎጆ፣ ገብስ፣ በግ፣ በረዷማ ሌሊት። ሣሩን የበሉት በጎች የእነሱ ነበሩ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያ መሬት አገራችንም ዓለምም ስሙን ሳያውቁት የእነሱ ነበር፤ በዚያ ብርድ ገብስ ያበቀለ እጅ ሰነፍ እጅ አይደለም። ሰው ተነሥቶ ሣር ሲድን፣ ለሣሩ የከፈለው ማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። ጎብኚው የሚያየው ጉምና ዋልያ፣ ተከዜ የሚደርሰው ጥርት ያለ ውሃ፣ ዩኔስኮ የሰጠው ስም፣ ሁሉም ከእነዚያ ጎጆዎች መፍረስ ላይ የተቆረጠ ድርሻ አለበት። ካሳ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ፓርኩ ግን በየዓመቱ ያስገባል። ከሚያስገባው የመጀመሪያው ድርሻ፣ ከስካውትነቱም ከበቅሎ ኪራዩም ከምግብ ማብሰሉም የመጀመሪያው ተራ፣ የግጭ ልጆች መሆን ይገባዋል ብዬ በግልጽ እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግጭ ሰፈር ስንወጣ በፈረሱት ቤቶች መሠረት መካከል አለፍን። ክብ የድንጋይ መስመር ቀርቷል፤ ውስጡ ሣር በቅሎበታል። ስካውቱ አንዱን ቤት የማን እንደነበረ፣ ሌላውን የማን እንደነበረ እያሉ አሳዩን። እሳቸው የአጎራባች ቀበሌ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው እዚህ አምባ ላይ ከብት ጠብቀዋል።

«ሣሩ ከሰዉ መነሣት በኋላ ተሻሻለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሣሩማ ተመልሷል፤ አልዋሽህም። ድሮ እዚህ ተቀምጠህ መሬቱን ታየው ነበር፤ ዛሬ ጓሳው ይውጥሃል። ሰዉ ግን ከተማ ገብቶ ምን ላይ ገብስ ይዝራ?»

«ውሃውስ? ጅንባር ጨምሯል?»

ቆም ብለው ወደ ሸለቆው አዩ። «በመስከረም መጥተህ ይህን አትጠይቅ። በመስከረም ሁሉም ወንዝ ሙሉ ነው። በሚያዝያ ና። በሚያዝያ ውሃ ካለው፣ ሣሩ ሠርቷል ማለት ነው፤ ያኔ አብረን እናየዋለን።»

በሚያዝያ አልሄድኩም። መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን ዘጉት፤ የደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ባለበቅሎዎችና ምግብ አብሳዮች ሥራቸውን ያጡት እኛ ጉዟችንን ከማጣታችን ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከአስጎብኚያችን ጋር በስልክ እንገናኛለን። ባለፈው ስንነጋገር ስካውቱ ደህና መሆናቸውን ነገረኝ፤ ስለ ውሃው ደግሞ «እሳቸውን ራስህ መጥተህ ጠይቅ» አለኝ። መንገዱ ሲከፈት የምሄደው ለአደይ አበባ አይደለም። በሚያዝያ፣ አቧራው ሲነሣና ሌላው ወንዝ ሁሉ ሲደርቅ፣ ከሳንቃበር ተነሥቼ እስከዚያው መሻገሪያ ወርጄ የጅንባርን ውሃ በእግሬ ልለካ ነው።